ከማሕፀን ንጣፍ የሚነሣ ፈውስ፦ ስለ ግንደ ሕዋሳትና ስለ እናቶች ስውር ሕመም

(ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለካህናትና ለአጥቢያ የልማት ክፍሎች የቀረበ የጥናት ትምህርት፤ ገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መግቢያ



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት በርእሱ ሲታይ ከዐውደ ምሕረት የራቀ ይመስል ይሆናል። የምንነጋገረው ስለ ማሕፀን ውስጠኛ ንጣፍና በውስጡ ስላሉት ግንደ ሕዋሳት ነው። ርእሱን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው፣ በገርጂና በአካባቢዋ ባሉ አጥቢያዎች ከልማት ክፍል አባላት ጋር ስንወያይ «ስቴም ሴል» የሚለው ቃል ደጋግሞ መነሣቱ ነው። አንዱ በውጭ ሀገር ካለ ዘመዱ የሰማውን ይናገራል፤ ሌላው በስልኩ የደረሰውን መልእክት ያሳያል፤ ወደ ውጭ ሀገር ሄዶ ለመታከም የድጋፍ ደብዳቤና የገንዘብ ርዳታ የሚጠይቅ ምእመንም አለ። ኮሚቴው በማያውቀው ነገር ላይ «አዎን» ወይም «አይሆንም» ለማለት ይቸገራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። ብዙ እናቶች በወሊድ ምክንያት የደረሰባቸውን ጉዳት ለባል ሳይነግሩ፣ ለሐኪም ሳይታዩ ዓመታትን ይገፋሉ። በገርጂ የሕንፃ ሥራ ላይ ባሬላ የምትሸከመው፣ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው፣ በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥበውና እንጀራ የምትጋግረው እናት ከእነዚህ መካከል ልትሆን ትችላለች። ስለ ማሕፀን የሚደረገው አዲሱ ምርምር ተስፋው ለማን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ መልሱ እነዚህን እናቶች ይነካል።

የትምህርቱ ዓላማ ሦስት ነው፤ የማሕፀን ንጣፍ እንዴት እንደሚታደስ መረዳት፣ ምርምሩ እስከ አሁን የት እንደ ደረሰ መለየት፣ በመጨረሻም አጥቢያችን ዛሬ ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ።

1. በየወሩ የሚታደሰው ንጣፍ

እንጦጦን የሚያውቅ ሁሉ የባሕር ዛፍን ጠባይ ያውቃል። ግንዱ ተቆርጦ ለአጣና ይሸጣል፤ ጉቶው ግን በመሬት ይቀራል። ዝናብ ሲያገኝ ከዚያው ጉቶ አዲስ ቀንበጥ ያቆጠቁጥና ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ለአጣና ይደርሳል። የማሕፀን ንጣፍም አሠራሩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ንጣፉ ሁለት ድርብ አለው። የላይኛው ድርብ በየወሩ ይበቅላል፣ ይወፍራል፣ ፅንስ ካላረፈበትም ተልጦ ከደም ጋር ይወጣል። የታችኛው ድርብ ከማሕፀኑ ጡንቻ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ጉቶው እርሱ ነው። ከእንቁላል ዕጢ የሚመነጨው ኤስትሮጂን የተባለው ሆርሞን ከታችኛው ድርብ አዲስ ንጣፍ እንዲበቅል ያደርጋል። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላው ሆርሞን ደግሞ የበቀለውን ንጣፍ ለፅንስ ማረፊያ ያዘጋጀዋል። ፅንስ ሳይኖር ሲቀር የፕሮጄስትሮን መጠን ይወርዳል፤ ደም ሥሮቹ ይኮማተራሉ፤ የላይኛው ድርብ ይለያል። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ልማደ አንስት የምንለው ይህ ነው።

በአንድ ዙር የሚበቅለው ንጣፍ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሊወፍር ይችላል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ወደ 400 ጊዜ ያህል ይህን ዙር ልታልፍ ትችላለች። ሐኪሞችን የሚያስደንቀው ግን የዙሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ቆዳችን በጥልቀት ሲቆረጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ልብ ሲጎዳ በተጎዳው ስፍራ ጠባሳ ይተካል። የማሕፀን ንጣፍ ግን በየወሩ ቆስሎ፣ ደምቶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ጠባሳ ይድናል።

ከወሊድ በኋላ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። የእንግዴ ልጁ ተጣብቆበት የነበረው ስፍራ በወሊድ ቀን የእጅ መዳፍ የሚያህል ክፍት ቁስል ነው። ይህ ቁስል ከሥሩና ከዳር ዳሩ በሚበቅል አዲስ ንጣፍ ቀስ በቀስ ተሸፍኖ እስኪድን 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ይህን ነጥብ አንባቢያን በልባቸው ይያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ተመራማሪዎች ያገኙት

ሕዋስ የአካል ትንሿ ሕያው ክፍል ናት። አብዛኞቹ ሕዋሳት አንድ ሥራ ብቻ ያውቃሉ፤ የጡንቻ ሕዋስ ጡንቻ፣ የቆዳ ሕዋስ ቆዳ ሆኖ ይኖራል። ግንደ ሕዋስ የምንላት ግን ሁለት ልዩ ጠባይ አላት። ራሷን የምትመስል ሌላ ሕዋስ እየወለደች ዘሯን ታቆያለች፤ ደግሞም ወደ ተለያየ ሥራ የሚሠማሩ ሕዋሳትን ታስገኛለች።

የማሕፀን ንጣፍ የራሱ ግንደ ሕዋሳት ሊኖሩት ይገባል የሚለው አሳብ በጽሑፍ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕርያኒሽኒኮቭ በተባለ ተመራማሪ ነበር። ማስረጃው ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ ካሮላይን ጋርጌትና ባልደረቦቻቸው፣ በሌላ ሕመም ምክንያት ማሕፀናቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ሴቶች ንጣፉን ወስደው ሕዋሳቱን አንድ በአንድ ለያዩአቸው። ከዚያም በቤተ ሙከራ ሣህን ላይ ዘርተው የትኛዋ ሕዋስ ብቻዋን መንጋ ልታፈራ እንደምትችል ተመለከቱ። ንጣፉን ከላይ ከሚሸፍኑት ሕዋሳት ከ10,000 መካከል 22 ያህሉ፣ ከሥር ከሚደግፉት ሕዋሳት ደግሞ ከ10,000 መካከል 125 ያህሉ ይህ ችሎታ ነበራቸው። ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን ጉቶውን የሚያቆጠቁጡት እነዚህ ጥቂቶች እንደሆኑ ታመነ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ሦስት ነገሮች ታወቁ። አንደኛ፣ ከሥር ያሉት ግንደ ሕዋሳት የሚኖሩት በደም ሥሮች ዙሪያ ነው፤ በቤተ ሙከራም ወደ ሥብ፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ልም አጥንትና ወደ ጡንቻ ዐይነት ሕዋሳት ሊለወጡ ችለዋል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የታተሙ ጥናቶች ከወር አበባ ደም ራሱ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ሕዋሳት ሊሰበሰቡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ሦስተኛ፣ የወር አበባቸው ካቆመ ሴቶችም ለአጭር ጊዜ ኤስትሮጂን ከተሰጣቸው በኋላ ሕዋሳቱን ማግኘት ተችሏል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በማሕፀን መውጣት የሚሠቃዩት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸውና።

እዚህ ላይ ሌላ ግኝት እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካዊው ሐኪም ሂው ቴይለር የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን 4 ሴቶች መርምረው ነበር። በማሕፀናቸው ንጣፍ ውስጥ ከመቅኔ ለጋሾቻቸው የመጡ ሕዋሳት ተገኙ። ይህም መቅኔ ለማሕፀን ጥገና ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል አመለከተ።

3. ጉቶው ሲጎዳ

ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ሲነቀል አያቆጠቁጥም። የንጣፉ የታችኛው ድርብም ሲጎዳ እንዲሁ ይሆናል። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ማሕፀን በጥልቀት ሲቧጠጥ፣ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ ወደ ማሕፀን ሲደርስ፣ ግድግዳዎቹ በጠባሳ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። የወር አበባ ይቀንሳል ወይም ይቀራል፤ መፅነስም አስቸጋሪ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1948 ይህን ሕመም በሰፊው በጻፈው ሐኪም ስም የአሸርማን ሕመም ይባላል።

በአጥቢያዎቻችን ልጅ አለመውለድ ብዙ ትዳር ያፈርሳል፤ ወቀሳውም በሴቲቱ ላይ ይወድቃል። ምክንያቱ እንዲህ ያለ ጠባሳ ሊሆን እንደሚችል፣ ከባልም ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሽማግሌ ለማስታረቅ ይረዳዋል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በመንግሥት የሕክምና ተቋም ደረጃ የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ መጀመሩንም መጠቆም ይገባል።

ለአሸርማን ሕመም በግንደ ሕዋሳት የተሞከረ ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የቻይና ጥናት ከራሳቸው የወር አበባ ደም የተወሰዱ ሕዋሳት በማሕፀናቸው ውስጥ የተደረገላቸውን 7 ሴቶች ይዘግባል። በዚያው ዓመት የወጣ የስፔን ጥናት ደግሞ ከመቅኔ የተገኙ ሕዋሳት የተሰጧቸውን 16 ሴቶች ይገልጻል። ንጣፋቸው የወፈረላቸው፣ የፀነሱም ነበሩ። ነገር ግን 7 ሴቶችም ሆኑ 16 ሴቶች ለማረጋገጫ ጥቂት ናቸው። ሕክምናውን ካላገኙ ሌሎች ሴቶች ጋር ተነጻጽሮ በብዙዎች ላይ እስኪታይ ድረስ፣ ይህ «ተስፋ ያለው ሙከራ» እንጂ «የተገኘ መድኃኒት» አይባልም።

የንጣፉ የማደግ ኀይል ሁልጊዜ መልካም ብቻ እንዳልሆነም እንወቅ። ንጣፉን የሚመስሉ ሕዋሳት ከማሕፀን ውጭ፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተጣብቀው ሲበቅሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል ብርቱ ሕመም ይሆናል። በየወሩ ከሥራ ወይም ከትምህርት እስክትቀር ድረስ የምትታመም ልጅ «የሴት ወጉ ነው» ተብላ መተው የለባትም።

4. በሀገራችን ያሉት ሁለቱ ስውር ሕመሞች

የተጎዳን ሕብረ ሕዋስ ስለ መጠገን በኢትዮጵያ ሲነሣ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ለ3 ዓመት ውል ነበር። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲሠሩ ያዩት የእናቶች ሥቃይ እዚሁ አስቀራቸው። የፊስቱላ ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1974 ከፈቱ፤ በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተጨመረ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ በእርሳቸውና በባልደረቦቻቸው እጅ የታከሙት ሴቶች ከ60,000 በላይ ነበሩ።

ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲራዘም ነው። የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ወይም የፊንጢጣ ግድግዳ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም የተቋረጠበት ሥጋ ይሞታል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ይወድቅና ቀዳዳ ይተዋል። ሽንት ወይም ዐይነ ምድር ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍም። ቀዶ ሕክምናው ቀዳዳውን ሰፍቶ ይዘጋል፤ ብዙዎችም ይድናሉ። ዳሩ ግን ስፌት የሚይዘው በሕያው ሥጋ ላይ ነው። ዙሪያው ጠባሳ ብቻ በሆነበት ጊዜ ሐኪሙ ይቸገራል፤ ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት መቆጣጠር የሚሳናቸው አሉ።

ሁለተኛው ሕመም የማሕፀን መውጣት ነው። ማሕፀንን፣ ፊኛንና አንጀትን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎችና ጅማቶች በወሊድ ሲለጠጡና ሲቀደዱ፣ ማሕፀን ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ሲብስም ከሰውነት ውጭ ይታያል። ብዙ መውለድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ከወሊድ በኋላ ወዲያው ከባድ ሸክም ማንሣት ያባብሱታል። በገጠር ውኃና ማገዶ፣ በከተማ ሲሚንቶና ድንጋይ ጀርባዋን የሚያጎብጧት እናት ስትሸከም ሁሉ ማሕፀኗ ይገፋል። ከብት ያረባ አባት ይህን ሕመም ከበግና ከላም ያውቀዋል፤ በሚስቱ ላይ ሲደርስ ግን ላያውቅ ይችላል፤ አትነግረውምና።

5. ምርምሩ ለእነዚህ ሕመሞች ምን ያመጣል?

ለማሕፀን መውጣት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የላላውን ሥጋ በራሱ በሴቲቱ ሥጋ መልሶ ማጠንከር ነው። በብዙዎች ዘንድ ይሠራል፤ በአንዳንዶች ግን ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ በበለጸጉት ሀገሮች ከፕላስቲክ ክር የተሠራ መረብ በብልት በኩል ማስገባት ተጀምሮ ነበር። መረቡ ግን በብዙ ሴቶች ሥጋ ውስጥ እየቆረጠ ወጣ፤ የማያቋርጥ ሕመምም አስከተለ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚህ ሕመም እንዳይሸጥ ወሰነች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. አምራቾች ሽያጩን እንዲያቆሙ አዘዘ።

የሜልቦርን ተመራማሪዎች ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። መረቡን አካሉ ባዕድ ብሎ የሚዋጋው ከሆነ፣ ከሴቲቱ ከራሷ የማሕፀን ንጣፍ በተገኙ ግንደ ሕዋሳት ቢሸፈንስ? ሕዋሳቱን ለማግኘት ትልቅ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፤ በክሊኒክ ውስጥ በቀጭን መሣሪያ ከንጣፉ ጥቂት መውሰድ ይበቃል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በእነዚህ ሕዋሳት የተሸፈነ መረብ አነስተኛ ቁጣ አስከተለ፤ አዳዲስ ደም ሥሮችም በዙሪያው በቀሉ። በበጎችም ላይ ምርምሩ ቀጥሏል፤ በግ የተመረጠችው እንደ ሴቶች ሁሉ ከወሊድ በኋላ ማሕፀኗ ሊወጣ ስለሚችል ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። የገቡት ሕዋሳት ራሳቸው ለብዙ ጊዜ አይቆዩም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አይገኙም። የሠሩት ሥራ ግን ይቀራል። ተመራማሪዎቹ እንደሚረዱት ሕዋሳቱ የሚጠግኑት ራሳቸው ሥጋ በመሆን ሳይሆን፣ አካሉ በራሱ እንዲጠገን የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን በመልቀቅ ነው። ቀኑን ሠርቶ የሚሄድ ግንበኛ እንደ ማለት ነው፤ ግንቡ ይቀራል።

የት ደረስን? ለማሕፀን መውጣትም ሆነ ለፊስቱላ ከማሕፀን ንጣፍ በተገኙ ግንደ ሕዋሳት የሚሰጥ፣ መደበኛ ሆኖ የተፈቀደ ሕክምና በየትኛውም ሀገር የለም። ስለዚህ «ገንዘብ ክፈሉና በስቴም ሴል እንፈውሳችኋለን» የሚል ሁሉ ገና ያልተረጋገጠን ነገር እየሸጠ ነው። በዚህ ምክንያት መሬቷን የምትሸጥ እናት እንዳትኖር መጠበቅ የእኛ ኀላፊነት ነው። በወንጌል የተነገረላት ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት 12 ዓመት ስትታመም ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ እንደነበር አንዘንጋ።

6. ከካህናት የሚነሡ ሦስት ጥያቄዎች

ሀ. ሕዋሳቱ ከፅንስ የተወሰዱ ናቸውን?

አይደሉም። ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ከሰው ሽል የተወሰዱ ግንደ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ተገኝተው ነበር፤ ሽሉ ስለሚጠፋበት ያ ሥራ ብዙ የሃይማኖት አባቶችን አሳስቧል። ከማሕፀን ንጣፍ የሚገኙት ግን ከአካለ መጠን ከደረሰች ሴት፣ በፈቃዷ የሚወሰዱ ናቸው። ፅንስ አይነካም፤ ሕይወት አይጠፋም። በወር አበባ ጊዜ ሊጣል ካለው የሚሰበሰቡም አሉ። አንድ ካህን «ስቴም ሴል» ሲባል ሲሰማ በመጀመሪያ «ከየት የተወሰደ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል።

ለ. ስለ ልማደ አንስት የተሠራው ሥርዓትስ?

ይህ ትምህርት ስለ ቤተ መቅደስ አገባብ የተሠራውን ሥርዓት አይመለከትም፤ እርሱን የሚያስተምሩ አባቶች ናቸው። እኛ የምንለው ሁለት ነገር ነው። ሥርዓትን መጠበቅ ሴትን ከመናቅ የተለየ ነው፤ ፈጣሪ ለሕይወት ማደሪያ ባዘጋጀው አካል ውስጥ እንዲህ ያለ የመታደስ ጥበብ መኖሩን ያወቀ ሰው ስለዚያ አካል በአክብሮት ይናገራል። ደግሞም የፊስቱላ ሽንት ወይም ከማሕፀን መውጣት የሚመጣ ፈሳሽ ሕመም ነው፤ ልማደ አንስት አይደለም። አንዳንድ እናቶች ግን ራሳቸውን በራሳቸው ፈርደው ከቅጽሩ ውጭ ለዓመታት ይቀራሉ፤ ከሥጋ ወደሙ፣ ከማኅበር፣ ከሰንበቴ ይለያሉ። የንስሐ አባት እንዲህ ያለችውን ልጁን ፈልጎ ማነጋገር፣ እንደ ነገሩ ክብደትም ከሊቃውንት ጋር መምከር ይገባዋል። ጌታ ያችን ደም የሚፈሳትን ሴት በሕዝብ መካከል ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ ስለ ነካችው አልገሠጻትም።

ሐ. ጸበልና ሕክምና እንዴት ይስማማሉ?

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥያቄ በኤች አይ ቪ ዘመን አልፋበታለች። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው የብዙ ምእመናንን ሕይወት ታድጓል። ለእነዚህ እናቶችም ያው ነው፤ ጸበል ትጠመቅ፣ ሐኪምም ይያት። ጸበል ቦታ ያሉ አገልጋዮች ሽንት የሚፈሳትን ሴት ሲያዩ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመሯት ጸጋቸው አይጎድልም።

7. አጥቢያው ዛሬ ምን ያድርግ?

አዲሱ ሕክምና እስኪደርስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ዛሬ ያለው ሕክምና ግን ብዙዎችን ሊያድን እየቻለ ሴቶቹ ሳይደርሱበት ይቀራሉ፤ ዝምታ፣ ሐፍረትና አለማወቅ መንገዱን ዘግተዋልና። ይህን መንገድ ለመክፈት አጥቢያ ከሐኪም የተሻለ ቅርበት አለው።

አራስን ማሳረፍ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ እናት በቤት ትቆያለች። ሥርዓቱ ለሕክምና ሲባል ተሠራ አንልም። ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳየነው የእንግዴ ልጁ ቁስል እስኪድን 6 ሳምንት ይፈጃል፤ የተለጠጡት ጡንቻዎችና ጅማቶችም ለመጠንከር ጊዜ ይሻሉ። ስለዚህ አራሷን በ10ኛው ቀን ጀሪካን የሚያሸክም ቤተሰብ ሥርዓቱንም ጤናዋንም ይበድላል። በገርጂ ለቀን ሥራ ከገጠር የመጣችና ዘመድ የሌላት አራስ ካለች፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የሰንበቴ እናቶች ተራ ገብተው ውኃ ቢቀዱላት፣ ገንፎ ቢያገነፉላት፣ የቤት ኪራይ የሚረዳት ቢገኝ፣ ይህ የማሕፀን መውጣትን መከላከል ነው።

በንስሐ አባት በኩል መጠየቅ። ለማንም ያልነገረችውን ለንስሐ አባቷ ልትነግር ትችላለች። አባት «ከወለድሽ በኋላ የሚከብድሽ፣ የሚወጣ፣ የሚፈስ ነገር አለን?» ብሎ በጨዋነት ቢጠይቅ በር ይከፈታል። የሰማውን ምስጢር ለኮሚቴ አይናገርም፤ እርሷ ስትፈቅድ ግን ከከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ከምታምናት እናት ጋር ያገናኛታል።

ሕክምናውን ማሳወቅ። በፊስቱላ ሆስፒታሉ የፊስቱላ ሕክምና ያለ ክፍያ ይሰጣል። ማሕፀን የወጣባት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም፤ ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት ማሕፀኑን ደግፎ ሊይዝ ይችላል፤ ገና በጀመረበት ጊዜም የዳሌ ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ይረዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነት የሌላቸውን ድኾች በልማት ክፍሉ አማካይነት ማስመዝገብ ይቻላል። ለትራንስፖርትና ለአስታማሚ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ከሙዳየ ምጽዋት ቢመደብ ብዙ ይሠራል።

የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት መመርመር። ለውጭ ሀገር የግንደ ሕዋስ ሕክምና ርዳታ ሲጠየቅ ኮሚቴው እነዚህን ይጠይቅ፦

— ሕመሙ በሀገር ውስጥ ሐኪም ታይቶ ስሙ ታውቋልን? በሀገር ውስጥስ ሕክምና የለውምን?
— ሕዋሳቱ ከየት፣ ከማን ይወሰዳሉ?
— የሚሰጠው የተፈቀደ ሕክምና ነው ወይስ ምርምር? ምርምር ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታልን? ታማሚዋ ለመሳተፍ ብዙ ገንዘብ እንድትከፍል መጠየቋ የሚያስጠረጥር ነገር ነው።
— «ሁሉን በሽታ ይፈውሳል» ይባላልን? አንድ ዐይነት መርፌ ለስኳር፣ ለዐይን፣ ለጀርባና ለመካንነት ይሆናል ከተባለ ይህ የንግድ ምልክት ነው።
— ጉዳት ቢደርስ ስትመለስ ማን ይከታተላታል?

መልሱ ካልተገኘ ኮሚቴው በትሕትና ደብዳቤውን ያዘግይ። የምእመናን ገንዘብና የታማሚዋ ሕይወት ሁለቱም አደራ ናቸው።

8. የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ከወለደች በኋላ ከቤተ ክርስቲያን የቀረች እናት እናውቃለን? የቀረችበትን ምክንያት ጠይቀናልን?
2. በአካባቢያችን በሕንፃ ሥራ፣ በጉልትና በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ እርጉዞችና አራሶች ማን ይጠይቃቸዋል?
3. ልጅ ባለመውለድ የሚጣሉ ባልና ሚስት ወደ ሽምግልና ሲመጡ ሁለቱም እንዲመረመሩ እንመክራለን?
4. ባለፈው ዓመት ለውጭ ሕክምና በሰጠነው ድጋፍ ላይ ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች ጠይቀን ነበር?

ማጠቃለያ

የማሕፀን ንጣፍ በየወሩ ቆስሎ ያለ ጠባሳ የሚድን፣ በውስጡም ጥቂት ግን ብርቱ ግንደ ሕዋሳትን የያዘ አካል ነው። እነዚህ ሕዋሳት በወሊድ የተጎዳን ሥጋ ለመጠገን እንዲውሉ የሚደረገው ምርምር እውነተኛ ነው፤ ገና ግን በመንገድ ላይ ነው። አባቶች ምርምሩን ሳይፈሩ፣ ሳያጋንኑም እንዲከታተሉት እናሳስባለን። እስከዚያው ድረስ በአጥቢያችን ጥግ ላይ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ከሰው ርቃ የምትቆመውን እናት ቀርበን እንጠይቃት፤ ወደ ሐኪም የሚወስዳት ሰውና የመኪና ዋጋም እናዘጋጅላት። በመጪው ሩብ ዓመት አጥቢያዎች የአራሶች መጠየቂያ ተራ አዘጋጅተው የደረሱበትን ለልማት ክፍሎቻቸው እንዲያሳውቁ በአክብሮት እንጠይቃለን።